ሰውየውስ የት ነበረ?

የጾታ እኩልነት በኤች አይ ቪ አገልግሎታችን ውስጥ
(ለንስሐ አባቶችና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የተሰጠኝ ርእስ የጾታ እኩልነትን ከኤች አይ ቪ አገልግሎት ጋር ስለ ማዋሐድ ነው። ይህ አነጋገር ለአንዳንዶቻችን ጆሮ ገና እንዳልተለመደ አውቃለሁ። በየአጥቢያው ስዘዋወር «ይህ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ምን ይጠቅማታል?» ብለው የጠየቁኝ አባቶች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ለጊዜው አስቀምጬ ከወንጌል ልጀምር።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጻፎችና ፈሪሳውያን በዝሙት የተያዘችን ሴት አምጥተው በጌታችን ፊት እንዳቆሟት ተጽፏል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 20 ያለው ሕግ ግን ፍርዱን ያስቀመጠው በሁለቱም፣ በወንዱም በሴቲቱም ላይ ነበር። ከሳሾቹ ሕጉን ጠንቅቀው ያውቁታል። ሴቲቱ የተያዘችውም በድርጊቱ ላይ እንዳለች መሆኑን በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል። በድርጊቱ ላይ የተያዘች ሴት ብቻዋን ልትያዝ አትችልም። ታዲያ ሰውየው የት ነበረ? ማንም አላመጣውም፤ ማንም ስለ እርሱ አልጠየቀም። ጌታችን ድንጋዩን ከእጃቸው አስጣለ፤ ሴቲቱንም ዳግመኛ እንዳትበድል አዝዞ አሰናበታት። ኃጢአትን አላቃለለም። የሁለት ሰዎች ጉዳይ በአንዲት ሴት ራስ ላይ ብቻ እንዲያበቃ ግን አልፈቀደም።

ዛሬ የምናገረው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ይጠቃለላል። በኤች አይ ቪ አገልግሎታችን ሴቲቱን ጠርተናታል፣ አስተምረናታል፣ «ታገሺ» ብለናታል፣ አንዳንድ ጊዜም ወቅሰናታል። ሰውየውን ግን ብዙ ጊዜ አልጠየቅነውም። እርሱን አለመጠየቃችን ሴቲቱንም ልጇንም እርሱንም ራሱን እየጎዳ ነው።

ቀድማ ያወቀችው

በአንድ ቤት ውስጥ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እንዳለ መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ናት። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሴት ስታረግዝ ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ የደም ምርመራ ይደረግላታል። ባል ግን እንዲህ ያለ በር የለውም። ጤነኛ መስሎ እስከታየው ድረስ ወደ ምርመራ የሚያስገባው ጉዳይ ስለሌለ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀድማ ያወቀችው «ቀድማ ያመጣችው» ትባላለች። ቤተ ዘመድ እንዲህ ይላል፤ ጎረቤት እንዲህ ይላል፤ አንዳንዴ ለሽምግልና የተቀመጡ አባቶችም ይህንኑ ይደግማሉ። ነገር ግን ሰዎች የተመረመሩበት ቅደም ተከተል የተያዙበትን ቅደም ተከተል አያሳይም። የምርመራው ወረቀት ቫይረሱ በደም ውስጥ መኖሩን ይናገራል እንጂ ከማን እንደ መጣ አይናገርም። ይህን አንድ ነጥብ በየአጥቢያችን በግልጽ ብናስተምር ብቻ ከስንት ቤት ጠብን እንደምናርቅ አስቡት።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 1.2 በመቶው፣ በዚሁ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ደግሞ 0.6 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አሳይቷል። በከተማ ከሚኖሩት 2.9 በመቶ፣ በገጠር ከሚኖሩት 0.4 በመቶ ነበር። በሴቶች ላይ እጥፍ የሆነበት ምክንያት ሴቶች በምግባር ስለሚያንሱ አይደለም። በተፈጥሮ የሴት አካል በግንኙነት ጊዜ ለቫይረሱ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በዚህ ላይ ልጃገረዶች በዕድሜ ብዙ ለሚበልጧቸው ወንዶች ይዳራሉ፤ ባልየው ከእርሷ በፊት ምን ዓይነት ሕይወት እንደ ነበረው የመጠየቅ ድፍረት የላቸውም። መተዳደሪያዋ በባሏ እጅ የሆነ ሴት «ሳንመረመር አይሆንም» ማለት አትችልም። ከገጠር ወጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ በአረቄ ቤትና በጠላ ቤት የምታገለግል ሴት ደግሞ እምቢ ማለት እንጀራዋን ሊያሳጣት ይችላል።

እዚህ ላይ እኛን ካህናትንና አገልጋዮችን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ትምህርታችን «በአንድ ተወሰኑ» የሚል ነው። እውነተኛ ትምህርት ነው፤ አንተወውም። ነገር ግን ትምህርታችንን ሰምታ፣ ቃል ኪዳኗን ጠብቃ፣ ከባሏ ሌላ ወንድ ሳታውቅ በገዛ ትዳሯ ውስጥ በቫይረሱ የተያዘች ሴት በየደብሩ አለች። የእርሷ መወሰን ብቻውን አልጠበቃትም፤ ቃል ኪዳኑ የሁለት ነበርና። ይህች ሴት በቅዳሴ መካከል ቆማ ስለ ኤች አይ ቪ ስንሰብክ ትሰማናለች። ስብከታችን በሽታውን ከዝሙት ጋር ብቻ እያያያዘ ሲወርድባት ምን ትበል?

የራሴ ስሕተት

ከዓመታት በፊት፣ ወደዚህ ሥራ በገባሁ ሰሞን፣ በአንድ የገጠር አጥቢያ የሆነውን ልንገራችሁ። የአጥቢያውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። የምነግራችሁ ጥፋት የእኔ ስለ ሆነ የእኔ ስም ይበቃል።

አንዲት አራስ እኅታችን ለብቻዬ ልታነጋግረኝ ፈለገች። በእርግዝናዋ ጊዜ ተመርምራ ቫይረሱ እንዳለባት አውቃለች። መድኃኒቱን ጀምራለች፤ ነገር ግን ባሏ እንዳያይባት በጤፍ እንስራ ውስጥ ቀብራ ታስቀምጠዋለች። እርሱ ቤት የዋለ ዕለት ሳትወስድ ትቀራለች። ሕፃኗ ሴት ናት፤ የ80 ቀን ክርስትናዋ ገና አልደረሰም። «ዲያቆን፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

እኔም በሥልጠና የተማርኩትን ነገርኳት። ባልና ሚስት ምሥጢር ሊደባበቁ እንደማይገባ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደማያገኝ፣ እውነቱን ብትነግረው እግዚአብሔር እንደሚረዳት አስረዳኋት። የነገርኳት ሁሉ በመጽሐፍም በተረትም ትክክል ነበር። አንድ ነገር ግን አልጠየቅኋትም። «ብትነግሪው ምን ያደርግሻል ብለሽ ትፈሪያለሽ?» አላልኩም። ባልየው ከዚያ በፊት ይመታት እንደ ነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት ነገረችው። በሌሊት ከነልጇ አስወጣት። እኅቷ ዘንድ ተጠጋች። መድኃኒቱ በእንስራው ውስጥ ቀረ፤ ለመመለስ ፈርታ ቀናት አለፉ። ለሕፃኗ የተሰጠው መከላከያ ሽሮፕም እዚያው ነበር። አራስ ልጅ መከላከያዋን ሳትወስድ፣ እናቷም መድኃኒቷን አቋርጣ እያጠባች የዋሉባቸው እነዚያ ቀናት በእኔ ምክር የመጡ ናቸው። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ነገሩን ያቃኑት የቤቱ የንስሐ አባት ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ በኤች አይ ቪ ላይ አንድም ሥልጠና ያልወሰዱ ቄስ ናቸው። በመጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱና ሴትዮዋ ሌላ መድኃኒት እንድታገኝ፣ ሕፃኗም ሽሮፗን እንድትቀጥል አደረጉ። ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ወደ ባልየው ቤት ሄዱ። ሰውየው ሚስቱን መክሰስ ጀመረ። አባታችን እስኪጨርስ ሰሙትና «ልጄ፣ አንተስ ተመርምረሃል?» አሉት። ዝም አለ። እርሳቸውም ዝም ብለው ተቀመጡ። በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ ይወርድ እንደ ነበር፣ እዚያም ብዙ ወራት ይቆይ እንደ ነበር ያውቃሉ፤ የንስሐ ልጃቸው ነውና። ስለዚያ ግን አንድ ቃል አላነሡበትም። ከብዙ ዝምታ በኋላ «አባቴ፣ ፈርቼ ነው» አላቸው።

ያ ሰው እስኪመረመር ሦስት ወር ፈጀ። በልጁ ክርስትና ዕለት አልተገኘም። በመጨረሻ አባታችን አብረውት ሄደው ተመረመረ፤ በእርሱም ደም ውስጥ ተገኘ። ከእርሷ ይልቅ የተዳከመው እርሱ ነበር። ዛሬ ሁለቱም መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ትዳራቸው እንደ ቀድሞው ሆነ ብዬ አልነግራችሁም፤ ሰው በሌሊት ተባርሮ የወጣበትን ደጃፍ በቀላሉ አይረሳም። ሕፃኗ ግን በ18 ወሯ በተደረገላት ምርመራ ከቫይረሱ ነፃ ሆና ተገኘች። እግዚአብሔር ይመስገን።

አባታችን በሥልጠና ያልተማሩትን አንድ ጥያቄ ጠየቁ። እኔ ሠልጥኜ ያልጠየቅኩት እርሱን ነው።

እኩልነት ከየት መጣ?

«የጾታ እኩልነት» የሚለው ሐረግ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ሲፈጥር ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠራቸው ተጽፏል፤ መልኩ ለአንዳቸው ብቻ አልተሰጠም። ሔዋን ከአዳም ጎን መገኘቷን መምህራኖቻችን ሲያስተምሩ፣ እንድትገዛው ከራሱ አልወጣችም፣ እንዲረግጣትም ከእግሩ አልወጣችም፣ አቻው እንድትሆን ከጎኑ ተገኘች ይላሉ። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ስለ ባልና ሚስት ሲጽፍ ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ብቻዋን እንደማታዝዝ ከተናገረ በኋላ ባልም እንዲሁ በገዛ ሥጋው ላይ እንደማያዝዝ ጨምሯል። በየመድረኩ የመጀመሪያውን እንጠቅሳለን፤ ሁለተኛውን እንዘልለዋለን።

በሥርዓተ ተክሊልም አክሊሉን የምንደፋው በሙሽራው ራስ ላይ ብቻ አይደለም። በሁለቱም ራስ ላይ እንደፋለን፤ ሁለቱንም ከአንድ ሥጋና ደም እናቆርባለን። በመቅደስ እኩል ያከበርናቸውን ሁለት ሰዎች ቤታቸው ሲገቡ እኩል ካልጠየቅናቸው ሥርዓታችንን በሥራችን እናፈርሳለን።

አንድ አባት በአንድ ስብሰባ ላይ «ባል የሚስት ራስ ነው ተብሎ የለምን? ይህ ትምህርት የባልን ራስነት አያፈርስምን?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በኤፌሶን ምዕራፍ 5 ያለው ቃል ባልን የሚያመሳስለው ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ ከሰጠው ከክርስቶስ ጋር ነው። ራስ የአካሉን ሕመም የሚሰማ ነው። ሚስቱ ስትመረመር የማይከተል፣ ልጁ ሲታመም ጥፋቱን ወደ ሌላ የሚጥል ባል ራስነቱን ያፈረሰው ራሱ ነው። ሌላም የሚባል አለ፤ «ወንዶቹን እንዲህ ከጠየቅናቸው ከቤተ ክርስቲያን ይርቃሉ» የሚል። የነገርኳችሁ ሰውየ አልራቀም። የተጠየቀው በፍቅርና በብቻው ስለ ነበር መልስ ሰጠ።

ደግሞም አለመጠየቃችን ወንዶችን ይገድላል። ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ዘግይተው ይመረመራሉ፤ መድኃኒትም የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ በሽታው ካደከማቸው በኋላ ነው። «ወንድ ልጅ አይፈራም» እያልን ያሳደግነው ሰው ፍርሃቱን የሚናገርበት ሰው ያጣል። ከላይ ያለው ሰውየ «ፈርቼ ነው» ለማለት የንስሐ አባቱ ብቻቸውን እስኪመጡለት ጠብቋል። እኩልነት ለሴት የሚደረግ ችሮታ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ወንዱንም ከዚህ ቀንበር ያሳርፈዋል።

ሁላችን ማወቅ ያለብን ስለ መድኃኒቱ

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተለውጧል፤ ስብከታችን ግን አንዳንድ ጊዜ እዚያው ቆሟል። ዛሬ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ እንዲህ ሆኖ የቆየ ሰው ቫይረሱን በግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። እናት ምንም ሕክምና ካላገኘች ቫይረሱ ወደ ልጇ የመተላለፉ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። እናትና ልጅ ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። መድኃኒቷን በትክክል የምትወስድ እናት በሐኪም ምክር ልጇን ማጥባት ትችላለች። ከባልና ሚስት አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት ሊሆን እንደሚችልም እንወቅ፤ የአንዱ ውጤት የሌላውን አይተካም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚቆመው መድኃኒቱ በየቀኑ ሲወሰድ ነው። በእንስራ የተቀበረ መድኃኒት በየቀኑ አይወሰድም። ለዚህም ነው በቤት ውስጥ ያለ የኃይል ሚዛን የጤና ጉዳይ የሚሆነው። ፈርታ የምትኖር ሴት መድኃኒቷን ታቋርጣለች፤ ሲቋረጥ ቫይረሱ ይነሣል፤ ባልም ልጅም ይጎዳሉ።

ስለ ጸበልም አንድ ቃል ልጨምር። ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን፣ ምእመናንም ሁለቱን አብረው ሊጠቀሙ እንደሚገባ በይፋ አስተምረዋል። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም ሐኪምም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ሥራ መሆናቸው ተጽፏል። ሆኖም «መድኃኒቱን ትተሽ ጸበል ተጠመቂ» የምትባለው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ወደ ጸበል ቦታ የምትሄደው፣ የምትታዘዘውም እርሷ ናትና። በጾም ወቅትም መድኃኒቷን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አዘግይታ የምትታመም እናት አለች። የንስሐ አባት ጾሙን በአቅሟ መጠን የማቅለል ሥልጣን አላቸው፤ ይህን ግን ጠይቃ እስክታገኝ አይጠብቋት፤ እርሳቸው ቀድመው ይንገሯት።

በየአጥቢያችን ምን እናድርግ?

አባቶቼ፣ ከዚህ ስትመለሱ ሰበካ ጉባኤያችሁ በአንድ ስብሰባ ሊወስናቸው የሚችላቸውን አምስት ነገሮች ላቅርብ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ ከጋብቻ በፊት ያለው ምርመራ የሁለቱ ይሁን። በብዙ አጥቢያ ለተክሊልም ሆነ ለቃል ኪዳን የሚመጡ ጥንዶች እንዲመረመሩ እንመክራለን። ሁለቱም አብረው ይሂዱ፤ አብረው ይመከሩ። ውጤቱ ግን የእነርሱ ምሥጢር ነው፤ የምርመራ ወረቀት በሰበካ ጉባኤ ጠረጴዛ ላይ አይዘርጋ፤ በሽማግሌዎችም ፊት አይነበብ። ልጃገረዲቱንም የንስሐ አባት ለብቻዋ ጠርተው ፈቃዷን ይጠይቋት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል፤ ሙሉና ነፃ ፈቃድንም ይጠይቃል። ያልደረሰች ልጅ ስትዳር ዝም ያለ ካህን በኋላ በሚመጣባት ሁሉ ድርሻ አለው።

ሁለተኛ፣ «ንገሪው» ከማለታችን በፊት ደኅንነቷን እንጠይቅ። ይመታሻል ወይ? ቢያስወጣሽ የት ትጠጊያለሽ? ከእርሱ ጋር ስትነጋገሩ ማን ይኑር? ብለን እንወቅ። ከጤና ባለሙያ ጋር ሁለቱም አብረው የሚመከሩበትን መንገድ እናመቻች። ድብደባን ለሴት የተሰጠ መስቀል አድርገን አናስተምር። መስቀል ሰው ስለ ሌላው በፈቃዱ የሚሸከመው ነው፤ ዱላ ግን በወንጌልም በአገሩ ሕግም በደል ነው።

ሦስተኛ፣ ድጋፍ ሲሰጥ በራሷ ስም ይሰጥ። ይህንንም ከራሴ ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያውን የእርዳታ መዝገብ ስናዘጋጅ የመዘገብነው «የቤተሰብ ኃላፊ» እያልን ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ድጋፍ በባሏ ወንድም ስም ወጣ፤ እርሷ ዘንድ የደረሰው ጥቂት ነበር። መዝገባችንን አንድ በአንድ አይተን እናርም። ባል ሲሞትም ቤተ ዘመድ «እርሷ ናት የገደለችው» ብሎ ከቤትና ከመሬት ሊያስወጣት ሲነሣ ሰበካ ጉባኤው ዝም አይበል። በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ደንግጓል። ስለ እርሷ የሚቀመጥ ሽምግልና እርሷ በሌለችበት አይቀመጥ።

አራተኛ፣ በሰበካ ጉባኤና በፀረ ኤች አይ ቪ ኮሚቴያችን የሴቶች ድምፅ ይሰማ። በብዙ ቦታ ሴቶች ለጠበልና ለጸዲቅ ዝግጅት ይጠራሉ፤ ስለ በጀት ሲነገር ግን በር ላይ ይቀራሉ። አንዲት ሴት ለቁጥር ማስገባት አይበቃም። ቢያንስ አንዷ ከቫይረሱ ጋር የምትኖር ትሁን፤ ስብሰባውም ውኃ በምትቀዳበትና እንጀራ በምትጋግርበት ሰዓት አይጠራ። እኛ በሦስት ወር ጥናት የምናገኘውን እርሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትነግረናለች።

አምስተኛ፣ ወንዶችን ባሉበት እናግኛቸው። የሴቶችን ስብሰባ መጥራት ቀላል ነው፤ ይመጣሉ። ወንዶች ግን ያሉት በእድርና በጽዋ ማኅበር፣ በዕርሻና በገበያ ነው። ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ ከመውረዳቸው በፊት ካህን ይምከራቸው፤ ሲመለሱም «እንኳን በሰላም መጣህ፤ ተመርመር» ይበላቸው። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ባል በሰው ፊት ይመስገን። ካህናትም ከሚስቶቻችን ጋር በመመርመር አርአያ እንሁን። እኛ ያልሄድንበትን መንገድ ሌላው እንዲሄድበት ማዘዝ አይሆንልንም።

መደምደሚያ

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል አባባል አለን። በኤች አይ ቪ ጉዳይ ይህ አባባል ብዙ ቤት አፍርሷል። ሴቲቱ ቀድማ አወቀች፤ ጉዳዩ ግን በወንዱ አላለቀም፤ ወንዱ አልተጠየቀምና። በትንሣኤው ማለዳም ቀድመው ያወቁት ቅዱሳት አንስት ነበሩ። ለሐዋርያት ሲነግሩ ቃላቸው እንደ ቅዠት ተቆጥሮ እንደ ነበር ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል። ጴጥሮስ ግን ተነሥቶ ወደ መቃብሩ ሮጠ። ከእኛ የሚጠበቀውም ይህ ነው፤ ቀድማ ያወቀችውን መስማት፣ ከዚያም ተነሥቶ መሄድ።

ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ አንዲት ሴት ጉዳይዋን ይዛ ብትመጣላችሁ፣ ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ስሟት። ከዚያም እንደዚያ አባታችን ወደ ሰውየው ቤት በእግራችሁ ሂዱ። ድንጋይ ይዛችሁ አትሂዱ፤ አጠገቡ ተቀመጡና «ልጄ፣ አንተስ?» በሉት።

ልዑል እግዚአብሔር በሕመም ላሉት ፈውስን፣ ለተለያዩት ዕርቅን፣ ለእኛም የማስተዋል ልቡና ይስጠን። የእመቤታችን ምልጃ፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።